የመሐል ጊዜው የማን ነው? በታላላቅ ውድድሮች መካከል ስላሉ የእሽቅድምድም ፈረሶች

በኮሌጁ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ሙሉ ቃል



አንድ ሰው የሚለውን በተግባር እንዲያሳይ ስንሻ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» እንላለን። ብሂሉ የሚጠራው ሁለት ነገር ነው፤ ፈረሱንና ሜዳውን። እኔ ዛሬ የምናገረው ብሂሉ ስለማይጠራው ሦስተኛ ነገር ነው፤ ስለ ጊዜ። ፈረሱ ከአንድ ታላቅ ውድድር ወጥቶ ወደሚቀጥለው እስኪገባ ድረስ ያሉትን ቀናትና ሳምንታት «የመሐል ጊዜ» ብዬ እጠራቸዋለሁ። ተመልካች በእነዚህ ቀናት ምንም የሚሆን ነገር ያለ አይመስለውም፤ ሜዳው ጭር ብሏል፣ ፈረሱም በጋጣው ነው። ይሁን እንጂ ፈረሱ ይሩጥ ወይስ ይቅር የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው፣ ስውር ጉዳትም የሚገኘው ወይም ሳይታይ የሚያልፈው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ የመሐል ጊዜው ስንት ሳምንት ይሁን የሚል ብቻ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ፈረሱን የሚያየው ማን ነው የሚልም ነው።

ለምሳሌነት የመረጥኩት የአሜሪካን የሦስትዮሽ ዘውድ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ተወዳዳሪዎቹ ቶሮብሬድ የሚባለው ዘር ፈረሶች ናቸው፤ ይህም በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ከምሥራቅ የመጡ ድንጉላዎችን ከአገሩ ባዝራዎች ጋር በማዳቀል የተገኘ ዘር ነው። ዘውዱ የሦስት ዓመት ዕድሜ ላላቸው ፈረሶች የተወሰኑ ሦስት ውድድሮችን ያጠቃልላል። አንደኛው በሜይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ በሉዊቪል ከተማ በቸርችል ዳውንስ ሜዳ የሚካሄደው ኬንታኪ ደርቢ ሲሆን ርቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ በባልቲሞር የሚካሄደውና 1.9 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ፕሪክነስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ በኒው ዮርክ የሚካሄደው፣ በመደበኛ ርቀቱ 2.4 ኪሎ ሜትር የሆነው ቤልሞንት ነው። በአምስት ሳምንት ሦስት ሜዳ፣ ሦስት ከተማ፣ ሦስት የተለያየ ርቀት ማለት ነው። ሦስቱንም ያሸነፉ ፈረሶች ከ1919 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 13 ብቻ ናቸው።

ይህ የሁለትና የሦስት ሳምንት አቆጣጠር ከጥንት የወረደ ሥርዓት ተደርጎ ሲነገር እንሰማለን፤ ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። በ1919 ሰር ባርተን ደርቢን ባሸነፈ በአራተኛው ቀን ፕሪክነስን አሸነፈ፤ ከቤልሞንት በፊትም ዊዘርስ በተባለ ሌላ ውድድር ተሰልፎ አሸነፈ። በ1917 እና በ1922 ደርቢና ፕሪክነስ የተካሄዱት በአንድ ቀን ስለነበር አንድ ፈረስ በሁለቱም ሊሳተፍ አይችልም ነበር። በ1930 ደግሞ ፕሪክነስ ከደርቢ ቀደመ። በ1948 ሳይቴሽን ከፕሪክነስ በኋላ ጀርሲ ደርቢን ሮጦ፣ አሸንፎ፣ ከዚያ ወደ ቤልሞንት ሄደ። ዛሬ የምናውቀው አቆጣጠር የጸናው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። እንግዲህ ቀን መቁጠሪያው የሜዳ ባለቤቶች ስምምነት ውጤት ነው፤ በሰው ስምምነት የተሠራውም በሰው ስምምነት ሊሻሻል ይችላል።

ክርክሩን ያጠነከረው ረጅሙ የድርቅ ዘመን ነው። ከ1978 እስከ 2015 ባሉት 37 ዓመታት ውስጥ ዘውዱን የጨበጠ አልተገኘም። በእነዚያ ዓመታት ደርቢንና ፕሪክነስን ያሸነፉ 13 ፈረሶች ነበሩ፤ 12ቱ በቤልሞንት ሮጠው ተሸነፉ፣ አንዱ ሳይሮጥ ቀረ። በ2014 ካሊፎርኒያ ክሮም የተባለው ፈረስ ሁለቱን አሸንፎ ወደ ቤልሞንት ሲመጣ ያሸነፈው ቶናሊስት ነበር፤ ቶናሊስት በደርቢም ሆነ በፕሪክነስ አልተሰለፈም። ከካሊፎርኒያ ክሮም ባለቤቶች አንዱ በቴሌቪዥን ቀርበው ሦስቱንም ያልሮጠ ፈረስ በመጨረሻው እንዳይገባ ሊከለከል ይገባል ሲሉ በቁጣ ተናገሩ፤ ቆይተውም ስለ አነጋገራቸው ይቅርታ ጠየቁ። ቅሬታቸው ግን ከንቱ አልነበረም። አንዱ አርፎ፣ ሌላው ደክሞ በአንድ መስመር ሲቆሙ የሚለካው ምንድን ነው? የፈረሶቹ ብርታት ወይስ የባለቤቶቹ ምርጫ?

በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካን ፋሮ ለዚህ የተግባር መልስ የሰጠ መሰለ። በስምንት ሳምንት ውስጥ አራት ታላላቅ ውድድሮችን ሮጦ በቤልሞንት በአምስት ተኩል የፈረስ ርዝመት አሸነፈ፤ በዚያ ቀን ከተሰለፉት ስምንት ፈረሶች ሦስቱንም ውድድሮች የሮጠው እርሱ ብቻ ነበር። ነገር ግን አንድ ልዩ ፈረስ ማድረጉ ለሌሎቹ ሁሉ የሚገባ መሆኑን አያረጋግጥም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረን የ2025 ዓመት ነው። በደርቢ ሶቭሪንቲ አንደኛ፣ ጆርናሊዝም ሁለተኛ፣ ባኤዛ ሦስተኛ ወጡ። የሶቭሪንቲ አሠልጣኝ ቢል ሞት ፈረሱን ከፕሪክነስ አስቀሩት፤ በዚህም የዘውዱን ዕድል በገዛ ፈቃዳቸው ተዉ። ጆርናሊዝም ግን ፕሪክነስን ሮጠ፤ በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ በሁለት ፈረሶች መካከል ተጨምቆ ወጥቶ በግማሽ የፈረስ ርዝመት አሸነፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የቤልሞንት ሜዳ በግንባታ ላይ ስለነበር ውድድሩ በሳራቶጋ በ2 ኪሎ ሜትር ተካሄደ። ውጤቱም እንደገና ሶቭሪንቲ፣ ጆርናሊዝም፣ ባኤዛ ሆነ።

ብዙ ሰዎች ይህን «ያረፈው አሸነፈ» ብለው ጠቅለል አደረጉት። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ እንዲጠነቀቁ እፈልጋለሁ። ሦስቱ ፈረሶች እኩል ሁለት ሳምንት አርፈው ቢሆን ኖሮ ቅደም ተከተሉ ይለወጥ ነበር ለማለት ምን ማስረጃ አለን? በደርቢ፣ ማንም በፕሪክነስ ሳይደክም፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነበር። የተለወጠው በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ከአንድ ተኩል ወደ ሦስት የፈረስ ርዝመት ሰፋ። ነገር ግን ሜዳውም የመሮጫው ሁኔታም ተለውጦ ነበር፤ ደርቢ የተሮጠው በዝናብ በጨቀየ መሬት ላይ ነው። ደግሞም ባኤዛ እንደ ሶቭሪንቲ አርፎ መጥቶ ከደከመው ከጆርናሊዝም ኋላ ቀረ። ጆርናሊዝምም ሦስቱን ሮጦ በዚያው በጋ ሃስኬል የተባለውን ውድድር አሸንፏል። ከእነዚህ ውጤቶች ብቻ ተነሥቶ ሁለት ሳምንት ያንሳል ወይም ይበቃል ብሎ መደምደም አይቻልም። መልሱን ከውጤት ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ከፈረሱ አካል ውስጥ መፈለግ አለብን።

በፈረስ አካል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰዓቶች ይሠራሉ፤ ፍጥነታቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው የጡንቻና የደም ሰዓት ነው። ፈረስ በዕረፍት ላይ ሳለ ልቡ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ይመታል፤ በሙሉ ግልቢያ ከ220 በላይ ይደርሳል። ጣፊያው በዕረፍት ጊዜ ያከማቸውን ቀይ የደም ሕዋስ በሩጫ ጊዜ ይለቅቃል፤ በዚህም የቀይ ሕዋስ ድርሻ ከ40 ከመቶ ገደማ ወደ 60 ከመቶና ከዚያም በላይ ይወጣል። በሩጫው ያለቀው የጡንቻ ስንቅ፣ ማለትም ግላይኮጅን፣ ለመተካት ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ሰዓት ከለካነው ሁለት ሳምንት በቂ ነው።

ሁለተኛው የአጥንት ሰዓት ነው። ግማሽ ቶን የሚመዝን ፈረስ ሲጋልብ በአንድ እግሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ከክብደቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይደርሳል። ይህ በየእርምጃው ሲደጋገም በአጥንቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ይፈጠራሉ። አካሉ እነዚህን የሚጠግነው በመጀመሪያ የተጎዳውን አጥንት አፍርሶ፣ ቀጥሎ አዲስ በመሥራት ነው። ማፍረሱ ከመሥራቱ ስለሚቀድም በመካከሉ አጥንቱ ቀዳዳ የበዛበትና የደከመ ይሆናል። ሙሉው ጥገና ወራት ይወስዳል። ስለዚህ በዚህ ሰዓት ሁለት ሳምንትም አራት ሳምንትም ያው ናቸው፤ ሁለቱም ያንሳሉ። እንዲያውም ፈረስ አርፎ ሲመለስ፣ ጥገናው ሳያልቅ በፍጥነት ወደ ከባድ ሩጫ ከገባ፣ ዕረፍቱ ራሱ የአደጋ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የኮቴ ሰዓት ነው። የኮቴ ግድግዳ የሚያድገው በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከላይ እስከ ፊተኛው ጫፉ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ኮቴው የተሰነጠቀ ፈረስ በመሐል ጊዜው ሊጠገን፣ ሊጣበቅ፣ ልዩ ብረት ጫማ ሊደረግለት ይችላል፤ ሊድን ግን አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ይመስለኛል። የመሐል ጊዜውን ከሁለት ወደ አራት ሳምንት ማራዘም ቀድሞውንም በሁለት ሳምንት ላገገመው ጡንቻ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ወራት ለሚፈልገው አጥንት ደግሞ አይበቃም። የሳምንታቱ ቁጥር ትርጉም የለውም እያልኩ አይደለም፤ ቢረዝም ስውር የሆነ የጅማት እብጠት ወይም ቀላል ማነከስ ገሃድ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ጥቅም የሚገኘው የሚያይ ሰው ካለ ብቻ ነው።

ማራዘም ብቻውን ዕረፍት እንደማይሆን በ2020 ዓመት ታይቷል። በወረርሽኙ ምክንያት ቅደም ተከተሉ ተለውጦ ቤልሞንት በጁን 20፣ ደርቢ በሴፕቴምበር 5፣ ፕሪክነስ በኦክቶበር 3 ተካሄዱ። አምስት ሳምንት የነበረው ወደ አሥራ አምስት ሳምንት ሰፋ። ቤልሞንትን ያሸነፈው ቲዝ ዘ ሎው እስከ ደርቢ ድረስ አስራ አንድ ሳምንት ነበረው። ታዲያ አረፈበት? አላረፈም፤ በኦገስት 8 ትራቨርስ የተባለውን ታላቅ ውድድር ሮጦ አሸነፈ፤ ከዚያ በአራተኛው ሳምንት ደርቢ ላይ ሁለተኛ ወጣ። ፕሪክነስን ያሸነፈችው ሴቷ ስዊስ ስካይዳይቨርም ከዚያ በፊት በነበረው ወር በኬንታኪ ኦክስ ሮጣ ነበር። ክፍት ጊዜ ሲገኝ ሌላ ውድድር ይሞላዋል። ውሳኔውን የሚሰጠው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ሰው ነውና።

ሰውየው ማን ነው? ምንስ ይጠቅመዋል? በ1985 የደርቢ አሸናፊ ስፔንድ ኤ ባክ ከፕሪክነስ የቀረው ደክሞ አይደለም። በኒው ጀርሲ የሚገኝ ሜዳ በጀርሲ ደርቢ ቢያሸንፍ የ2 ሚሊዮን ዶላር ልዩ ጉርሻ አዘጋጅቶለት ነበር፤ ፈረሱም አሸንፎ ከመደበኛው ሽልማት ጋር 2.6 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። የመሐል ጊዜው በገንዘብ ተገዛ ማለት ይቻላል።

ይበልጥ የሚያሳየው ግን የሁለት ተከታታይ ዓመታት ንጽጽር ነው። በ2003 ደርቢንና ፕሪክነስን ያሸነፈው ፈኒ ሳይድ የተኮላሸ ፈረስ ነበር። በ2004 ሁለቱን ያሸነፈው ስማርቲ ጆንስ ደግሞ ድንጉላ ነበር። በቶሮብሬድ ዘር ሰው ሠራሽ ማዳቀል አይፈቀድም፤ ስለዚህ የአንድ ድንጉላ ዋጋ ያለው በአካሉ ውስጥ ነው፤ ካሸነፈም በኋላ ለርቢ የሚያስገኘው ገቢ ከሽልማቱ በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል። ፈኒ ሳይድ እስከ 2007 ድረስ በጠቅላላው 38 ጊዜ ሮጠ። ስማርቲ ጆንስ በቤልሞንት ሁለተኛ ከወጣ በኋላ ዳግም አልሮጠም፤ በዘጠኝ ውድድሮች ተፈጸመ። የተሰጠው ምክንያት የእግር አጥንት መላላጥና መቀጥቀጥ ነበር፤ ያንን አልጠራጠርም። ሆኖም አንዱ ሲጎዳ መሰናበቱ ለባለቤቶቹ የገቢ በር ይከፍታል፤ ሌላው ሲጎዳ ግን ያለው አማራጭ ታክሞ መመለስ ብቻ ነው። በአሜሪካ አንድ የእሽቅድምድም ፈረስ በ1960 በአማካይ በዓመት ከ11 ጊዜ በላይ ይሮጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ወደ 6 ገደማ ወርዷል። ምክንያቱ አንድ ባይሆንም፣ የርቢ ገበያው ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን መካድ ያስቸግራል።

በዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ዘውዱ ዘውድ የሆነው ከባድ ስለሆነ ነው፤ ቢቀልል ያለፉት 13 ፈረሶች ክብር ይረክሳል ይባላል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም፤ ማንኛውም ፈተና ለተፈታኙ ተብሎ ከተፈታ ፈተናነቱ ይቀራል። ግን አንድ ልዩነት አለ። የማራቶን ሯጭ ስቃዩን መርጦ ይገባል፣ ሲያቅተውም አቋርጦ ይወጣል። ፈረስ አይመርጥም፤ አቋርጦም አይወጣም። እንዲያውም በመንጋ የሚኖርና የሚታደን እንስሳ ስለሆነ ሕመሙን መሸሸግ ተፈጥሮው ነው። ከባድነቱን ልንጠብቅ እንችላለን፤ ለመጠበቅ ግን ስለ ፈረሱ «አይችልም» የሚል ሌላ አንደበት ያስፈልገዋል።

ሁለት የመሐል ጊዜዎችን አስታውሱ። በ2008 ቢግ ብራውን ሁለቱን ውድድሮች ካሸነፈ በኋላ የግራ የፊት ኮቴው ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ልምምዱ ተቋረጠ፣ ኮቴው ተጠገነ፣ ሮጠም። ጋላቢው በመጨረሻው ኩርባ ገታው፤ ፈረሱም መጨረሻ ወጣ። የተሸነፈበት ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ2012 አይል ሃቭ አናዘር ለቤልሞንት አንድ ቀን ሲቀረው የፊት እግሩ ጅማት ታምሞ ተገኘና ቀረ፤ ከእሽቅድምድምም ተሰናበተ። ይህ ያስመሰግናል፤ ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ የመጨረሻው ቃል የነበረው በፈረሱ መሮጥ ከሚጠቀሙት ወገኖች ዘንድ ነበር።

አሁን ሦስተኛውን ተመልከቱ። በ2023 ጸደይ በቸርችል ዳውንስ 12 ፈረሶች ሞቱ፤ ሜዳውም ቀሪ ውድድሮቹን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ። በዚያው ዓመት በደርቢ ዕለት ጠዋት፣ አብዛኛው ተወራራጅ ያሸንፋል ብሎ የጠበቀውን ፎርቴን የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም መርምሮ በእግሩ ሥር ባገኘው ቁስለት ምክንያት ከውድድሩ አስወጣው። ለተወሰኑ ቀናትም እንዳይሮጥ ስለታገደ ፕሪክነስ አመለጠው። ፎርቴ ግን በቤልሞንት ተሰልፎ ሁለተኛ ወጣ። አንድ ሐኪም፣ ከውጤቱ አንድ ሳንቲም የማያገኝ፣ በዓመቱ ታላቅ ቀን ጠዋት «አይሮጥም» አለ፤ ፈረሱም ከአምስት ሳምንት በኋላ በሕይወትና በጤና ሮጠ። የመሐል ጊዜ ሥራ ይህ ነው።

በ2020 መጨረሻ የወጣውና ከጁላይ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም ደኅንነት ሕግ ቀድሞ በየክፍለ ግዛቱ የተበታተነውን ቁጥጥር አንድ ለማድረግ ተነሥቷል። የእኔ ሐሳብ በዚያው አቅጣጫ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ክፍተቱ ሁለትም ይሁን አራት ሳምንት፣ በታላላቅ ውድድሮች መካከል የሚቆይ ፈረስ ከውድድሩ ዕለት አስቀድሞ፣ በመሐል ጊዜው ውስጥ፣ በገለልተኛ ሐኪም ይመርመር፤ የምስል ምርመራው ካለፈው ጋር ይነጻጸር፤ መዝገቡም ፈረሱ በተዛወረበት ሁሉ ይከተለው። አጥንት የሚናገረው በወራት ቋንቋ ስለሆነ የአንድ ቀን ምርመራ አይሰማውም፤ ተከታታይ መዝገብ ግን ሊሰማው ይችላል።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል በሉዊቪል ጋጣዎች የሚሠራ ምናልባት አይኖር ይሆናል። የጋሪ ፈረስ ግን ሁላችሁም ታክማላችሁ። ባለጋሪው በፈረሱ የዕለት እንጀራውን የሚያገኝ ድኻ ነው፤ የደርቢው ባለቤት ባለጸጋ ነው። ሁለቱ በምንም አይገናኙም፤ በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፤ ፈረሱ ደክሟል ወይስ አልደከመም የሚለውን የሚፈርደው በመሥራቱ የሚጠቀመው ሰው ነው። በሁለቱም ፊት የሐኪም ድርሻ አንድ ነው፤ ያየውን ሳይፈራና ሳያደላ መናገር።

አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ውጊያው የሰው ነው፤ ክብሩም የሰው ነው፤ ስለዚህ ተጠያቂነቱም የሰው ሊሆን ይገባል። ፈረሱ አድርሶናል። ከአንዱ ሜዳ እስከሚቀጥለው ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምንጠብቅለት መወሰን የእኛ ፈንታ ነው።